የፈነዳው ብጉንጅ እና ያልሰጠሁት ምስክርነት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ። ልናገር ያሰብኩት ዛሬ አይደለም፤ ነገሩ እስኪያልቅ ጠብቄ ነው። ሃሌሉያ ስትሉ ቀስ ብላችሁ በሉ፣ ጎረቤት አለን። ሙከይፉ፣ ይህ ማቀዝቀዣ፣ እንዲህ እየጮኸ እስካለ ድረስ ግን የእኔን ድምፅ ከዚህ ግድግዳ ውጭ የሚሰማው የለምና ደፍሬ እናገራለሁ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የማወራው ስለ መቀመጫዬ ነው። የሳቃችሁ ሳቃችሁን ጨርሱና እቀጥላለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ልብ ተጸልዮአል፣ ስለ ኩላሊት ተጸልዮአል፣ ስለ ጨጓራማ በየሳምንቱ ነው። ያን ቦታ የፈጠረው ሌላ ነው እንዴ? ዓይንን የፈጠረ እጅ ነው የፈጠረው። ለሁሉም ብልት እየተጸለየ እሱ ብቻ ወላጅ እንደሌለው ልጅ በር ላይ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ ዘነበች አድልዎ አልወድም።

አዲስ የመጣችሁ ስላላችሁ ማንነቴን ልናገር። የናዝሬት ልጅ ነኝ። ትምህርቴ ስሜን ከመጻፍና መጽሐፍ ቅዱሴን ጣቴን እያስከተልኩ ከማንበብ አያልፍም። ልጄ ትዳሯ ሲፈርስ የልጅ ልጆቼ ጉሮሮ በእኔ ላይ ወደቀና ፀጉሬ ገና ጥቁር ሳለ ሪያድ ገባሁ። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራሁ። በኋላ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወደ አንዲት ልብስ ሰፊ ማዳም ተዛወረና ይኸው እስከ ዛሬ የአባያ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምሠራው። ይህን ያዙልኝ፤ ያለመቀመጫ እንጀራ የለኝም።

ከጌታ በፊት ምን ነበርኩ? ክርስቲያን ነሽ ወይ ሲሉኝ አዎን እላለሁ። ከእግዚአብሔር ጋር አልተጣላንም፤ አንነጋገርም ነበር እንጂ። የማምነው በሚዛን ነበር። የሰጠኝን እሰጠዋለሁ፣ የነካኝን እነካዋለሁ፣ እኩል ለእኩል። አንድ ጊዜ ማዳሟ ለሌሎቹ ሠራተኞች የምሳ ዕረፍት ሰጥታ እኛን ሐበሾቹን ስትከለክል መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ እጄን አጣጠፍኩ።

"ያላ ዘነበች፣ ምን ሆነሻል?" አለችኝ።

"ምንም አልሆንኩም። እነሱ ሲመለሱ እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ" አልኳት።

ኸላስ፣ አለቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁላችንም አብረን ምሳ በላን። እንዲህ ነበርኩ። ለሰው መብት እከራከራለሁ፣ የሰው ውለታ ግን አልወድም። ውለታ ሲዋልልኝ እንደ ስድብ ነበር የሚሰማኝ።

ሕመሙ የጀመረው በአንዲት ብጉንጅ ነው። ከፊንጢጣዬ አጠገብ አንድ ነገር አበጠ። ይሞቃል፣ እንደ ልብ ትር ትር ይላል። ስቀመጥ ይወጋኛል፣ ስስል ይወጋኛል፣ ሽንት ቤት ስሄድማ ዓይኔ እንባ ይሞላል። ብርድ ብርድ እያለኝም አተኮሰኝ። ከዚያ ራሱ ትንሽ ፈሰሰና ቀለለኝ። ሄደ አልኩ። አልሄደም። ቦታው ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ቀረች፤ ከእሷም መግል ይወጣል፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ። ልብሴ አይደርቅም። ያሳክካል፣ ቆዳው ይላጣል። ቀዳዳዋ ስትደፈን ደግሞ እብጠቱ ይመለሳል፣ ስትከፈት ይፈሳል። ጨዋታው ይኸው ነው።

ለማን ይነገራል? አንዲት የማውቃትን ሴት በዘወርዋራ ጠየቅኋት። "ኪንታሮት ነው" አለችኝ። እኛ ዘንድ ከወገብ በታች የታመመ ሁሉ ኪንታሮት ነው። ቅባት ሰጠችኝ፤ ቀባሁት፤ እሳት ሆነብኝ። በማር ሞከርኩ፣ በጥቁር አዝሙድ ዘይት ሞከርኩ። ሽንት ቤት መሄድ ስለፈራሁ ደግሞ ምግብ ቀነስኩ፣ ውሃም ቀነስኩ። ይህ ከሁሉ የባሰ ሞኝነት ነው። ውሃ የቀነሰ ሰው ይደርቃል፣ የደረቀም ሲወጣ ይቀድዳል።

ሥራ ላይ በአንድ ጎኔ መቀመጥ ጀመርኩ። አባያ ጥቁር ነው፣ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ሽታን ግን አይሸፍንም። አጠገቤ የምትሰፋዋ ልጅ ወንበሯን ትንሽ ትንሽ እያለች ስታርቅ አየኋት። ምንም አላለችኝም። ወንድሞቼ፣ እኔ በሰው መሃል አንገቴን አቅንቼ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ቀን አንገቴ ተሰበረ።

በዚያን ጊዜ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል የምንጋራው ከብርቱካን ጋር ነበር። ያቻት፣ ፊቷን የሸፈነችው። አትሸፈኚ ልጄ፣ ስለ አንቺ ልናገር ነው። ብርቱካን ቀን ቀን ሰው ቤት እያጸዳች ነው የምትኖረው፤ ስትሠራ ለራሷ ታንጎራጉራለች፤ ዓርብ ዓርብ ወደዚህ ትመጣ ነበር። እኔ ጨርቆቼን በፌስታል አስሬ ከአልጋዬ ሥር እደብቃለሁ፣ እሷ በሌለችበት ሰዓት አጥባለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ፌስታሉ የለም። ጨርቆቼ ታጥበው፣ ነጥተው፣ መስኮቱ ላይ ተሰጥተዋል።

"ማን ንኪ አለሽ?" አልኳት። ድምፄ ሕንፃውን ሁሉ ሳይሞላ አልቀረም።

"ማንም አላለኝም።"

"ታዲያ?"

"ሸተተኝ፣ እማማ።"

እንዲህ ነው ያለችኝ፣ በግልጽ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን እያዞረ ዝም ሲለኝ እሷ እውነቱን ነገረችኝ፤ ከነገረችኝም በፊት አጥባ ጨርሳለች።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም።"

"ምንም የማይፈልግ ሰው የለም።"

"እንግዲያው ሳሙና አልቋል፤ ሳሙና ግዢ" አለችኝና ወደ ድስቷ ዞረች።

ሳሙና ገዛሁ። የቀሚሷን ጠርዝ ሰፋሁላት፣ እኩል እንድንሆን። አመሰገነችኝና እንደገና አጠበችልኝ። ሻርፕ ዘመዘምኩላት፤ ለብሳው እየተመላለሰች እንደገና አጠበችልኝ። ሚዛኑ አልስተካከል አለኝ። በመጨረሻ ተናደድኩና "አንቺ ልጅ፣ ይህን የማንንም እድፍ ማጠብ ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"እኔም ታጥቤ ነው፣ እማማ" አለችኝ።

ሌላ ስብከት አልሰበከችኝም። ያን ቃል ግን ከዚያ በኋላ መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ስሙ ይባረክ።

እብጠቱ ለሦስተኛ ይሁን ለአራተኛ ጊዜ ተመልሶ ከሁሉ የበለጠ ባበጠበት ሳምንት ብርቱካን ወደዚህ ይዛኝ መጣች። ስገባ እዚያ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ መቀመጥ ስላልቻልኩ በጉልበቴ ሆንኩ። የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ አንዷ ስለ ኢቃማዋ አለች፣ አንዱ ስለ እናቱ አለ፣ አንዱ ስለ ወገቡ አለ። ወንድም ደረጀ ወደ እኔ ዞሮ "እማማስ? ምን እንጸልይልዎት?" አለኝ። ደረጀን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰናኢያ፣ የፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ የአሉሚኒየም በር ሲሠራ ውሎ እጁ እንደተጋጠ እዚህ መጥቶ የሚያገለግለን ነው።

"መቀመጫዬን ታምሜአለሁ" አልኩ።

ከኋላ አንድ ወጣት ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ዞር ብዬ "አንተ ልጅ፣ አሁን በምንህ ነው የተቀመጥከው?" አልኩት። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። እጅ ጫኑባቸው ሲባል ሁሉም ተያየ፤ ብርቱካን ተነሥታ እጇን ወገቤ ላይ አደረገች። ደረጀ ጸለየ። አጭር ጸሎት ነበር፣ ግን እንደ ልጄ ነው የጸለየልኝ። ይህን አልረሳበትም።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ እብጠቱ ፈነዳ። ብዙ ነው የወጣው። ስንት ቀን የያዘኝ ትኩሳት ለቀቀኝ፣ ሕመሙ ጥርግ ብሎ ጠፋ፣ ያን ቀን በደንብ በላሁ። ለብርቱካን ነገርኳት፤ ደስታዋን አልቻለችም፤ ለደረጀ ደወለች።

የእኛን ጉባኤ ልማድ ታውቃላችሁ። ጌታ የዳሰሰው ሰው በሚቀጥለው ዓርብ ቆሞ ይመሰክራል። ምስጋና እንደ ወጥ ነው፣ ሲያድር ይበላሻል እንላለን። በዚያ ዓርብ ገና ከመግባቴ ደረጀ ፊቱ እያበራ "ቅዱሳን፣ እማማ ዘነበች ምስክርነት አላቸው፣ ጌታ ፈውሷቸዋል" አለ። ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ እልል አላችሁ። እኔ ተነሣሁ።

"እኔ አልዳንኩም" አልኩ።

ደረጀ ፈገግታው ሳይጠፋ "እማማ፣ ሕመሙ አለ?" አለኝ።

"የለም።"

"ትኩሳቱስ?"

"የለም።"

"ታዲያ ይህ ፈውስ ካልሆነ ምንድን ነው?"

"መግሉ ወጣ። ቀዳዳው አለ። ይህ ከዚህ በፊትም ፈንድቶ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ማንም አልጸለየልኝም። ያኔ ያለጸሎት የሆነውን ዛሬ በጸሎት ሆነ ብዬ ብናገር በእግዚአብሔር ስም መዋሸት ነው።"

"በእምነት ይቀበሉት፣ እማማ። አፍዎ የተናገረው ይሆናል።"

"የዘመዘምኩት ጠርዝ ግማሽ ሆኖ ሳለ አለቀ ብዬ ባስረክባት ማዳም ትቀበለኛለች? ለእግዚአብሔር ከማዳም ያነሰ ሥራ ላስረክብ?"

"በጌታ ላይ እየተጠራጠሩ ነው" አለኝ፤ አሁን ፊቱ ጠቁሯል።

"በጌታ ላይስ አልተጠራጠርኩም። በአንተ ላይ ነው።"

ታስታውሳላችሁ፣ ክፍሉ እንዴት እንደቀዘቀዘ። ገና አላመንኩም፣ በሁለተኛ ቀኔ አገልጋዩን ተናገርኩት። ወጥቼ ልሄድ ስል ብርቱካን እጄን ያዘችና ሁላችሁም እየሰማችሁ "እማማ ልክ ናት። ካልዳነች ነገ ሐኪም ታያታለች፤ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ" አለች። ይህች ቀና ብላ የማትናገር ልጅ።

ሄድን። ያየችኝ ሱዳናዊት ዶክተር ናት፣ በዕድሜ ልጄን የምታክል። ምርመራው ከፈራሁት ያነሰ ነበር። በጎኔ አስተኝታ አየችው፣ በጓንት በጣቷ ዳሰሰችው፤ አለቀ። ስኳር እንዳለብኝና እንደሌለብኝ አስመረመረችኝ፣ አልነበረብኝም። ልብሴን ለብሼ ስጨርስ፣ በአረብኛ አክስቴ እያለችኝ፣ "ያ ኻላ፣ ይህ ኪንታሮት አይደለም። ናሱር ነው፣ ፊስቱላ" አለችኝ።

ፊስቱላ ሲባል እኛ የምናውቀው በወሊድ የሚመጣውን ነው። "እኔ ከወለድኩ ስንት ዘመኔ" አልኳት። ሳቀችና "ያኛው ሌላ ነው። የአንቺ የፊንጢጣ ነው፣ ወንዶችንም ይይዛቸዋል፤ እንዲያውም ይበዛባቸዋል። ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ልብስ መስፋት።"

"ሱሪ ላይ ላስቲክ የምታስገቢበትን እጥፋት ታውቂያለሽ?"

"እንዴት አላውቅም።"

"በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል፣ መሃሉ ግን ተሸፍኖ አይታይም። ፊስቱላ ይኸው ነው። አንዱ አፉ በውስጥ ነው፣ ሌላው አፉ ቆዳሽ ላይ ነው፤ መሃል ለመሃል መሿለኪያ አለ።"

እንዴት እንደሚመጣም አስረዳችኝ። ፊንጢጣ ውስጥ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። አንዷ ስትደፈን ትመረዛለች፣ መግል ትቋጥራለች፤ መግሉ መውጫ ሲያጣ ሥጋውን እየቦረቦረ ወደ ቆዳ ይመጣል። ሲፈነዳ ሕመሙ ይቀላል፣ የቦረቦረው መንገድ ግን በብዙ ሰው ላይ ሳይዘጋ ይቀራል። ከውስጥ ቆሻሻ እየገባበት እንደገና ይመረዛል። "ሰውን የሚያታልለው የፈነዳበት ቀን ነው" አለችኝ። ብርቱካን በክርኗ ጎሰመችኝ።

አብዛኛው በዚህ ዓይነት ይመጣል አለችኝ፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን የቆየ የአንጀት ቁስለት፣ ወይም ቲቢ፣ ወይም ጉዳት ያመጣዋል፤ አልፎ አልፎም ካንሰር ከኋላው ሊኖር ስለሚችል መታየት አለበት።

"ንጽሕና ጎድሎኝ ነው?" አልኳት። ይህን ስጠይቅ ድምፄ ቀጠነ።

"አይደለም።"

"የሠራሁት ነገር ኖሮስ?"

"ያ ኻላ፣ ዕጢ ነው የተደፈነው። ማንም ላይ ይደፈናል።"

እህቶቼ፣ ስንት ጊዜ ራሴን እንደከሰስኩ እኔ አውቃለሁ። ያ ክስ በአንድ ቃል ወደቀ። ጌታ ይመስገን።

ቀጥላ ግን የሚያስፈራውን ነገረችኝ። ኪኒን መርዙን ያበርደዋል እንጂ መንገዱን አይዘጋውም፤ የሚዘጋው በቀዶ ጥገና ነው። የኤም አር አይ ፎቶ ሲነሣ ደግሞ የእኔ መሿለኪያ ሰገራ የሚቋጥረውን ጡንቻ አቋርጦ እንደሚያልፍ ታየ። ያ ጡንቻ ያለአግባብ ከተቆረጠ ሰው ሰገራውን መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

"እንደዚያ ከሆንኩ ከሰው መሃል ወጣሁ ማለት ነው" አልኳት።

"ለዚህ ነው ባንዴ የማልቆርጠው። ክር አስገባበታለሁ። ክሩ መንገዱን ክፍት አድርጎ መግሉን ያስወጣል፣ እብጠት እንዳይመለስ ይጠብቃል። ሲደርቅ በሌላ ቀዶ ጥገና ጡንቻሽን ሳልነካ እዘጋዋለሁ። ሥጋት የለበትም አልልሽም። መተው ግን ይብሳል፤ ሲቆይ ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል።"

ሥጋት የለበትም አልልሽም ስላለችኝ አመንኳት። የሚያባብለኝን ሰው አላምንም።

ቀጠሮው ተያዘ። ሳምንቱን በሙሉ መርፌ ይዤ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ካልያዘኝስ? የልጅ ልጆቼን አንድ ቀን አቅፋለሁ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የሠራሁት፤ አያታችሁ ትሸታለች ቢባሉስ? ሞትን እንዲህ አልፈራሁም። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኜ እያለሁ ብርቱካን ከሥራ ገብታ፣ እግሯ አብጦ፣ ሳትቀመጥ ጨርቄን ውሃ ውስጥ ስትነክር አየኋት። እያንጎራጎረች ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህች ልጅ የምትሰጠኝ ከራሷ አይደለም። ለእሷ የሰጣት አለ፤ እኔ በሻርፕና በሳሙና ልከፍለው የምታገለው እሱን ነው። እሱን ደግሞ ማንም ከፍሎ አይጨርሰውም። በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ሚዛኔን አስቀመጥኩ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ዓርብ መጣሁና "ዛሬ ጌታን ልቀበል ነው" አልኩ። ደረጀ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ሲለኝ እንኳ ያመነታ ነበር።

"እማማ፣ እንኳን ደስ አለን። ግን ጭንቀት ላይ ነዎት። ድነው ሲመለሱ በሰፊው ብናደርገው አይሻልም?" አለኝ።

"አይሻልም። ከዳንኩ በኋላ ከሆነ ደሞዝ ይመስላል። እሱ በመዳኔ እንዲገዛኝ አልፈልግም፣ እኔም በእምነቴ መዳኔን እንድገዛው አልፈልግም። ብርቱካንን ያጠባትን ጌታ ነው የምፈልገው። ቢያድነኝም ጌታዬ ነው፣ ባያድነኝም ጌታዬ ነው። አሁን፣ እንዳለሁ፣ ከነሽታዬ።"

ደረጀ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። ከዚያ "ያን ቀን ያስቸኮልኩዎት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለኝ።

"ይቅር ብዬሃለሁ። ሌላ ሰው ላይ ግን እንዳትደግመው" አልኩት። አልቅሶ ጸለየልኝ፤ እኔ አላለቀስኩም፣ ሰላም ብቻ ነበረኝ። ያን ሰላም ይዤ ነው ማደንዘዣው ክፍል የገባሁት። ስሙ ለዘላለም ይባረክ።

ክሩ ገባልኝ። ወራት ተሸክሜዋለሁ። ከላይ በክር እሠራለሁ፣ ከታች ክር አለብኝ፤ ብርቱካን "እማማ፣ አንቺንስ ማን ዘመዘመሽ?" እያለች ትስቅብኛለች። ሽንት ቤት በሄድኩ ቁጥር ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ላይ እቀመጥ ነበር። ውሃ ጠጣሁ፣ ፍራፍሬና አትክልት ምስርም በላሁ፣ ድርቀቱ ተወኝ። ማዳሟ ወፍራም ትራስ ሰጠችኝ፣ እየቆምኩ እንድሠራም ፈቀደችልኝ፤ መጀመሪያ ትንሽ ተከራክረናል። ቀላል ጊዜ ነበር አልላችሁም። ያመመኝ ቀን አለ፣ ተስፋ የቆረጥኩበት ቀን አለ። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ተደረገ፣ ቁስሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብሎ ሞላ። ጡንቻዬ ደህና ነው። እይዛለሁ። ይህን በሰው ፊት መናገር የሚያሳፍረው ካለ ይፈር፤ እኔ አመሰግንበታለሁ።

ባለፈው ቀጠሮዬ ዶክተሯ አይታ "ኸላስ፣ ተዘግቷል" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንግዲያው መናገር እችላለሁ?"

"ለማን ነው የምትናገሪው?" አለችኝ ግራ ገብቷት።

"ለሚያስፈልገው" አልኳት።

"ተናገሪ። በተለይ ለወንዶቹ። ዘግይተው ነው የሚመጡት" አለችኝ።

ስለዚህ ወንድሞች፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ። በመኪና ተቀምጣችሁ የምትውሉ፣ በግንባታ ላይ የምትሠሩ፣ ዑድ ሰፈርም ጉበይራም በአንድ ክፍል ታጭቃችሁ የምትኖሩና የምትደብቁበት ቦታ እንኳ የሌላችሁ፣ ስሙኝ። ከፊንጢጣችሁ አጠገብ የሚሞቅና ትር ትር የሚል እብጠት ካለ፣ ስትቀመጡና ስትስሉ የሚብስ ከሆነ፣ መግል ወይም ሽታ ያለው እርጥበት ልብሳችሁን ካልለቀቀ፣ እየዳነ እየተመለሰ ከሆነ፣ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትተኙ። ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ ቀይ ደም ያሳያችኋል እንጂ መግል አያፈስም። ደም ካያችሁም ተመርመሩ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ሽንት ከከለከላችሁ፣ ሰገራ መያዝ ካቃታችሁ ደግሞ ቀጠሮ እንኳ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ቤት ውስጥ በመርፌ አትውጉት፣ አትጨምቁት። ስኳር ያለባችሁ ከሌላው ይልቅ ፍጠኑ። ፈንድቶ ከቀለላችሁም ሂዱ፣ ያን ጊዜ በተለይ ሂዱ።

ወረቀት የሌላችሁ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ሐኪም ቤት በር ላይ ኢቃማ ሲባል ሰው ወደ ኋላ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ለእኔ ወይም ለብርቱካን ንገሩን፤ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቀን መንገድ እንፈልጋለን፣ አብረንም እንሄዳለን። በዚህች ከተማ ማንም ብቻውን መበስበስ የለበትም፣ ኢቃማ ያለውም የሌለውም።

እምነት ከሆነ ሐኪም ለምን ትሉኝ ይሆናል። የሚጠይቀኝ አይጠፋም። እግዚአብሔር በዚያች ሱዳናዊት ጣት ሲሠራ ክብሩ የሚቀንስበት ይመስላችኋል? ጸሎታችሁ ከንቱ አልነበረም። እዚህ ስለተጸለየልኝ ነው ደፍሬ የተናገርኩት፣ ስለተናገርኩ ነው ብርቱካን እጄን ይዛ የወሰደችኝ፣ በሄድኩበትም እውነቱን የምትነግረኝ ሐኪም አገኘሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጁ አለበት። ክብር ለእሱ ይሁን።

እንግዲህ ያን ጊዜ ያልሰጠሁትን ምስክርነት ዛሬ ሰጥቻለሁ። ፈውሴን ተመርምሬ ነው የምመሰክረው፤ እናንተም ስትፈወሱ ተመርምራችሁ መስክሩ፣ ጌታን እውነት አያስፈራውም። ወደ እሱ ለመምጣት ግን ፈውስን አትጠብቁ፣ መታጠብን አትጠብቁ፣ ሽታችሁ እስኪጠፋ አትጠብቁ። እኔ እየፈሰሰኝ መጣሁ፣ አልጠላኝም። እናንተም እንደታመማችሁ ኑ።